በ1992 ሮስ ፔሮን መርጫለሁ፤ እናንተስ ነጋዴ ፕሬዝዳንት ትመርጣላችሁ?

በ1992 የአሜሪካ ምርጫ ድምፄን የሰጠሁት ለሮስ ፔሮ ነው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ወንበር ላይ የነበረውን ሪፐብሊካኑን ቡሽንም (አባትየውን)፣ ዴሞክራቱን ቢል ክሊንተንንም አልመረጥኩም። ዜግነት ካገኘሁ በኋላ የመጀመሪያ ድምፄ ነበር። ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ድምፅህን ውሃ በላው እያሉ ይስቁብኛል።

ይህን የማነሳው በተለይ ለወጣቶቹ ነው። ብዙዎቻችሁ አንድ ቀን እንኳ ሥልጣን ላይ ሳይቀመጥ ለፕሬዝዳንትነት የተወዳደረ ነጋዴ በትራምፕ የተጀመረ ይመስላችኋል። ፔሮ የኛው የዳላስ ሰው ነበር። የተወለደው ቴክሳርካና፣ የተማረው ባህር ኃይል አካዳሚ፣ ሥራ የለመደው አይቢኤም ውስጥ ኮምፒዩተር እየሸጠ። በ1962 በ1,000 ዶላር የራሱን ኩባንያ ከፍቶ ቢሊየነር ሆነ። ፌብሩዋሪ 1992 ላይ በሲኤንኤን ቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ አቅራቢው ላሪ ኪንግ ፊት ተቀምጦ፣ ሕዝቡ በራሱ ተነሳሽነት በ50ውም ስቴት ስሙን የምርጫ ወረቀት ላይ ካስገባለት እንደሚወዳደር ተናገረ። ከዚያ በኋላ ሰዉ በየሱቁ በር ጠረጴዛ ዘርግቶ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ። ጁን ላይ የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ ሲጠይቅ ፔሮ 39፣ ቡሽ 31፣ ክሊንተን 25 በመቶ። ፓርቲ የሌለው ሰው ወንበር ላይ ያለውን ፕሬዝዳንት ቀደመው ማለት ነው።

እኔን የሳበኝ ሀብቱ አይደለም። ሂሳቡ ነው። ኦክቶበር ላይ በገዛ ገንዘቡ ግማሽ ግማሽ ሰዓት የቴሌቪዥን ጊዜ እየገዛ፣ ቻርት እያነሳ፣ በዘንግ እየጠቆመ የአገሪቱን ዕዳ አስረዳ። ያኔ ዕዳው 4 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ የዚያ ዓመት የበጀት ጉድለት ብቻ 290 ቢሊዮን። የመጀመሪያውን ፕሮግራም ከ16 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው ያየው። እንግሊዝኛዬ ያኔ እንደዛሬው አልነበረም፤ የሌሎቹ ንግግር በላዬ ላይ ሲያልፍ የሱ ገባኝ። ደግሞ ቤንዚን ላይ በየዓመቱ 10 ሳንቲም፣ በአምስት ዓመት 50 ሳንቲም ታክስ እንደሚጨምር እየተናገረ ነው ድምፅ የጠየቀው። ታክሲ ነው የምነዳው። ታክሱ የሚወጣው ከኔ ኪስ ነው። ቢሆንም ዋጋውን ሳይደብቅ ስለነገረኝ አከበርኩት።

ጁላይ 16 ላይ ግን ውድድሩን ጥሎ ወጣ። ኦክቶበር 1 ተመለሰ። ተመልሶ ሲመጣም መረጥኩት። መጨረሻው 18.9 በመቶ፣ 19.7 ሚሊዮን ድምፅ፣ በየስቴቱ ተመድቦ ፕሬዝዳንቱን የሚወስነው የኤሌክቶራል ድምፅ ግን ዜሮ።

አልጸጸትም። አሁን ግን ነጋዴ ዕጩ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። የራሱ ገንዘብ ስላለው ማንም አይገዛውም፣ ልክ ነው። በዚያው ገንዘቡ የተነሳ ግን ፊት ለፊት እምቢ የሚለው ሰው ሳይገጥመው ነው የሚያረጀው። ኩባንያ ካስጠላው ሸጦ ይወጣል። ፕሬዝዳንትነት አይሸጥም። ስለዚህ ስንት አተረፈ የሚለውን ትቼ፣ ነገር አልሆን ሲለው ምን አደረገ የሚለውን ነው የማየው። እናንተስ? ስድብ ይቅር።

ከዚህ በታች ያለው ይህን ጽሑፌን ገጹ ላይ ካወጣሁ በኋላ የመጣው መልስ ነው፤ በየተራው ፍሬ ነገሩን ብቻ አስቀምጬዋለሁ። ስድብ ይቅር ያልኩት ብዙም አልተሰማም፤ እሱን አለዝቤዋለሁ።

መልስ 1 የሲያትል ልጅ ናት፣ በ1992 ገና አልተወለደችም። ጋሼ ብላ ጀምራ አመሰገነችኝ። ፔሮን የምታውቀው ኮሜዲያን ጆሮውን አሳድገው ሲኮርጁት ዩቲዩብ ላይ አይታ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ያልገባት ነገር ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የመረጠው ዕጩ እንዴት ዜሮ እንደሚያገኝ ነው።

መልስ 2 ለሷ የተጻፈ ነው፣ ሰውየው አስተማሪ ሳይሆን አይቀርም። በአብዛኛው ስቴት አንደኛ የወጣው የኤሌክቶራል ድምፁን ጠቅልሎ እንደሚወስድ፣ የፔሮ ድምፅ ደግሞ በመላ አገሪቱ ስለተበተነ የትም አንደኛ እንዳላደረገው አስረዳት። ሁለተኛ የወጣው ሜይንና ዩታ ላይ ነው። ሜይን ላይ ቡሽን የቀደመው በጥቂት መቶ ድምፅ ሲሆን፣ ቡሽ የእረፍት ቤቱ ባለበት ስቴት ሦስተኛ ሆኖ ቀረ። ዩታ ላይ ደግሞ ሦስተኛ የወጣው አገሩን ያሸነፈው ክሊንተን ራሱ ነው። ከ1912ቱ ቴዎዶር ሩዝቬልት ወዲህ ከሁለቱ ፓርቲ ውጭ የፔሮን ያህል በመቶኛ ያገኘ የለም። ጥሩ መልስ ነው፣ ልጅቷም ልብ ምልክት አደረገችለት።

መልስ 3 አራሚ ነው። ነጋዴ ዕጩ ከፔሮም በፊት እንደነበረ፣ በ1940 የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኃላፊ የነበረው ዌንዴል ዊልኪ አንድ ጊዜ እንኳ ለሥልጣን ሳይመረጥ የሪፐብሊካን ዕጩ ሆኖ በፍራንክሊን ሩዝቬልት እንደተሸነፈ አስታወሰን። በማዕድን ሥራ ሀብት ያካበተውን ሁቨርን ጨመረበት፤ ወንበሩን በያዘ በወራት ውስጥ የ1929ኙ የገበያ ውድቀት መጣበት። ሁቨር እንኳ ከዚያ በፊት ለዓመታት የንግድ ሚኒስትር ነበረ፣ ስለዚህ ለፖለቲካ እንግዳ አይባልም። ሰውየው በትህትና ስለጻፈ ዝም አልኩ።

መልስ 4 እንደኔው የዳላስ ሰው ነው፣ እድሜውም የኔው ይመስለኛል። ፔሮን የወደደው በዕዳው ትምህርት ሳይሆን በ1979ኙ የቴህራን ታሪክ ነው። የፔሮ ሁለት ሠራተኞች ኢራን ታሰሩ። መንግሥት ሲያንገራግር ፔሮ አንድ ጡረታ የወጣ ኮሎኔል ፈልጎ የራሱን ቡድን ላከ፣ ሰዎቹም በቱርክ በኩል ወጡ። ይህ ሰው እኛ ራሳችን ከአገራችን በእግር ሱዳን ገብተን ማንም ሳይፈልገን ካምፕ እንደተቀመጥን አስታውሶ፣ ሠራተኛውን እስር ቤት ድረስ ሄዶ የሚያስመጣ አለቃ ሲያይ እንባው እንደመጣና ፊርማውን ያለ ጥያቄ እንዳኖረ ጻፈ። ከሱ በኋላ ባለው ጭቅጭቅ ይቺ ጽሑፍ ተረስታ ቀረች፣ እኔ ግን ከሁሉም የወደድኳት እሷን ነው።

መልስ 5 ላይ ነው ድምፁ የተቀየረው። አንደኛ፣ የቴህራኑን እስር ቤት የሰበረው የፔሮ ቡድን ሳይሆን አብዮት ላይ የነበረው የአገሬው ሕዝብ ነው፣ የፔሮ ሰዎች ከዚያ በኋላ ነው ያሻገሯቸው። ሁለተኛ፣ ፔሮ ለመንግሥት እንግዳ ነው የሚባለው ተረት ነው ባይ ነው። በ1965 ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የሚባሉት የመንግሥት የሕክምና መድኖች ሲመጡ የክፍያ ወረቀቱን በኮምፒዩተር የሚያስተናግድ ሰው ተፈለገ፤ ኩባንያው ያደገው በዚህ ሥራ ነው። በመንግሥት ገንዘብ ከብሮ መንግሥትን የሚሰድብ ሰው እንዴት ገለልተኛ ይባላል? እኔንም ቻርት ያታለለው የዋህ አድርጎ ነው የቆጠረኝ።

መልስ 6 የኔ ነው። የሜዲኬሩ ነገር እውነት ነው አልኩት። ያ ሥራ ግን የመንግሥት ገንዘብ የት እንደሚገባ አሳይቶት ይሆናል፣ ቻርቱም ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። የዋህነቱን በተመለከተ፣ ዕዳው 4 ትሪሊዮን በነበረበት ጊዜ የጮኸው ሰው ዛሬ ከ35 ትሪሊዮን በላይ መሆኑን ቢያይ ምን ይል ነበር ብዬ ጠየቅኩት። አልመለሰልኝም።

መልስ 7 ከሁሉም ረጅሙ ነው፣ ከሜሪላንድ የጻፈች ሴት ናት፣ ሂሳብ ሠራተኛ መሆኗን ነግራናለች። ሁላችንም ጁላይን ብቻ እንደምናወራ፣ ፔሮ ጥሎ መውጣት የጀመረው ግን ከዚያ በፊት እንደሆነ ነው ክርክሯ። በ1984 ኩባንያውን ለጄኔራል ሞተርስ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠ፣ የቦርድ አባል ሆነ፣ ከግለሰብ ባለድርሻዎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር። መኪናው ጥራት የለውም፣ አለቆቹ ከሠራተኛው ርቀዋል እያለ በአደባባይ ወረደባቸው። እውነቱን ነበር፣ እሷም አልካደችም። ግን ቦርዱ ውስጥ አንድ ድምፅ ሲሆን፣ ሌሎቹን አሳምኖ ማሸነፍ ሲኖርበት አልቻለም። በ1986 ኩባንያው 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ሸኘው። በ1988 የራሱን ሌላ ኩባንያ ከፈተ። ለነጋዴ ይህ ብልህነት ነው፤ ፕሬዝዳንት ግን ኮንግረስ እምቢ ሲለው ገንዘቡን ተቀብሎ ሌላ ኮንግረስ አይከፍትም ባይ ናት። ከዚያ ዕቁብ አመጣች። የዕቁቡ ዳኛ እጣው መሃል ላይ እያለ ደብተሩን ጥሎ ቢሄድ፣ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ተመልሶ ደብተሩን ስጡኝ ቢል፣ ማን ይሰጠዋል? እኔ እንደሰጠሁት አስታውሳ ነው የጨረሰችው፣ ፈገግታ ምልክት አድርጋ።

እኔ ልለው የፈለግኩትን ከኔ አሻሽላ ነው የጻፈችው። ጄኔራል ሞተርስን ከጁላዩ ጋር አገናኝቼ አላውቅም ነበር።

መልስ 8 አባትነትን ይዞ መጣ። ፔሮ የወጣው ሪፐብሊካኖች የሴት ልጁን ሰርግ ሊያበላሹ ስላሰቡ ነው፣ ልጅ ያለው ያውቀዋል፣ ፍረዱ ብሎ ለመነን።

መልስ 9 አልፈረደም። የሰርጉ ወሬ የመጣው ኦክቶበር መጨረሻ ቴሌቪዥን ላይ እንጂ በወጣበት ቀን እንዳልሆነ፣ ያን ቀን የሰጠው ምክንያት ዴሞክራቶቹ መጠናከራቸውና ምርጫው ወደ ተወካዮች ምክር ቤት እንዳይሄድ መስጋቱ እንደነበር፣ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ደግሞ የሬገንን የ1984 የምርጫ ቅስቀሳ የመራው ኤድ ሮሊንስ ከፔሮ ጋር አልስማማ ብሎ ሥራውን መልቀቁን ጻፈ። በሱ ቤት ነገሩ ግልጽ ነው። ቅስቀሳ የሚያውቅ ሰው ቀጥሮ፣ የቀጠረውን ሰው አልሰማም ብሎ፣ ሁሉም ሲፈርስ ልጁን ሽፋን አደረገ። አነጋገሩ ከረር ይላል፣ ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል ነው።

መልስ 10 አጭር ነው። ጁላይ 11 ላይ ፔሮ ናሽቪል ሄዶ በጥቁሮች የሲቪል መብት ማኅበር ጉባኤ ላይ ሲናገር፣ ፊቱ የተቀመጡትን ሰዎች እንደ ሌላ ሕዝብ አድርጎ መጥራቱንና ጉባኤው መቀየሙን አስታወሰ። ያን ጊዜ እዚህ አገር የነበርን ሐበሾች ይህን እንዴት እንደዘለልነው ነው የጠየቀው። እኔ በራሴ ልመልስ፤ አልዘለልኩትም። ክፋት አልመሰለኝም። ከሱ ከማይለይ ሰው ጋር ብቻ የኖረ ሰው ንግግር ነው የመሰለኝ፣ ያ ደግሞ የራሱ ችግር አለው።

መልስ 11 ስለ ሥራ ነው፣ ከቴክሳስ ናት፣ ስሙን ያልጠቀሰችው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር። ፔሮ ሪችመንድ በተደረገው ሁለተኛው ክርክር ላይ፣ ከሜክሲኮ ጋር ሊፈረም የታሰበው የንግድ ስምምነት ሥራውን በትልቅ ድምፅ እየመጠጠ ወደ ደቡብ እንደሚወስደው ሲናገር ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም እንደሳቀ ታስታውሳለች። ስምምነቱ በጃንዋሪ 1994 ሥራ ላይ ዋለ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ማሽኖቹ ተፈተው ተጫኑ፣ የጫኑት ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሳቁትን ሰዎች አላየቻቸውም። እሷ ደግሞ ነርሲንግ ተምራ ዛሬ ደህና ትኖራለች፤ ግን ፔሮን እብድ ሲሉት ትናደዳለች።

መልስ 12 ሥራውን የወሰደው ሜክሲኮ ብቻ አይደለም፣ ማሽንም ወስዷል፣ ቻይና በ2001 የዓለም ንግድ ድርጅት ስትገባ የደረሰው ደግሞ ይብሳል አለ። ፔሮ በ1993 በዚሁ ስምምነት ጉዳይ ከክሊንተን ምክትል ከአል ጎር ጋር ላሪ ኪንግ ላይ ሲከራከር መልስ አጥቶ ሲበሳጭ ሁሉም ሰው እንዳየው ጨመረ። ትክክል ነው፣ ያን ምሽት እኔም አይቼዋለሁ፣ ደስ አይልም ነበር። ግን ማሽኑን ራሷ ለጫነች ሴት የዓለም ንግድ ድርጅትን ማስረዳት ምን ይባላል?

መልስ 13 ለኔ ነው፣ በቀጥታ። ዋሽንግተን የኖረ ሪፐብሊካን ነው። ክሊንተንን በአገሩ ላይ የጫንነው እኔና መሰሎቼ ነን፣ ፔሮ ባይኖር ቡሽ ያሸንፍ ነበር ባይ ነው።

መልስ 14 ሁለት ነገር ይዞ ደረሰልኝ። ከምርጫ ጣቢያ የሚወጡ ሰዎች ሲጠየቁ የፔሮ መራጮች ሁለተኛ ምርጫቸው እኩል ለሁለት ነበር የተከፈለው፣ 38 በመቶ ለክሊንተን፣ 38 በመቶ ለቡሽ። ከቀሩት ብዙዎቹ ከነጭራሹ ቤታቸው ይቀሩ ነበር። ሁለተኛው ነገሩ የኛው ጉዳይ ነው። የዋሽንግተን ሐበሻ ቡሽን የጠላው በበጀት ጉድለት ሳይሆን በሄርማን ኮኸን ነው ብሎ ጻፈ። በሜይ 1991 የለንደኑን ስብሰባ የመራው፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ እንዲገባ ይሁንታ የሰጠው የቡሽ አስተዳደር ሰው ነው። ታዲያ መራጩ ያን ቂም ይዞ ክሊንተንን መረጠ።

እዚህ ላይ ምን እንደተከተለ አትጠይቁኝ። ከመልስ 15 እስከ 18 ስለ ፔሮ አንድ መስመር የለም። አንዱ ለንደን ላይ የሆነውን ክህደት አደረገው፣ ሌላው ደርግ የወደቀበትን ቀን መጥላት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀው፣ ሦስተኛው የሁለቱንም አባቶች አነሳ። አራተኛዋ ሴት እናት ናት መሰለኝ፣ ልጆቿ ይህን ገጽ እንደሚያነቡ ነግራቸው ሁሉንም ዝም አሰኘቻቸው። እኔ ስለምናቸው እምቢ ብለው፣ እሷ ስትቆጣ ሰሙ።

መልስ 19 ላይ ትራምፕ መጣ። እስካሁን መቆየቱም ይገርማል። ከላስ ቬጋስ የጻፈ ወንድም ነው። ፔሮ ያልጨረሰውን ትራምፕ ጨረሰው፣ ደመወዝ የማያስፈልገው ሰው ጉቦ አይበላም፣ ደግሞም ስለ ጽንስ ማቋረጥና ስለ ሃይማኖት ከኛ እምነት ጋር የሚቀርበው እሱ ነው የሚል ነው። በጨዋነት ነው የጻፈው፤ በቤተ ክርስቲያን በኩል እንዲህ የሚያስብ ብዙ ሰው አውቃለሁ።

መልስ 20 ጨዋነቱን አልመለሰለትም። ኦክቶበር 2020 ላይ ትራምፕ በስልክ ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር ሲያወራ፣ ጋዜጠኞች እየሰሙ፣ ግብፅ የሕዳሴ ግድቡን ልታፈነዳው እንደምትችል የተናገረውን አስታውሶ፣ የላስ ቬጋሱ ሰው ያን ቀን የት እንደነበረ ጠየቀው። ዲቪን በ2017 ለማስቀረት መነሳቱንም ጨመረ። ይህን የጻፈው ራሱ በዲቪ የመጣ ነው። የላስ ቬጋሱም ሰው በዲቪ የመጣ ሳይሆን እንደማይቀር ጠርጥሮ ነው የወረደበት።

መልስ 21 ለማብረድ የመጣ የታሪክ ሰው ነው። ትራምፕና ፔሮ የማይገናኙ እንዳይመስለን፣ ትራምፕ በ1999 የገባው ፔሮ ባቋቋመው ሪፎርም ፓርቲ ውስጥ ነበር፣ ዕጩ ለመሆን ሞክሮ ፌብሩዋሪ 2000 ላይ ተወው። ፔሮ ራሱ በ1996 በዚሁ ፓርቲ ተወዳድሮ፣ ክርክሩ ላይ እንኳ ሳይጋበዝ፣ 8.4 በመቶ ነው ያገኘው። ትራምፕ ከዚያ የተማረው ሦስተኛ ፓርቲ ማቋቋም ሳይሆን ያለውን ፓርቲ መያዝ እንደሚሻል ነው ባይ ነው። በ2016 63 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ አግኝቶ፣ ሂላሪ ክሊንተን ከሱ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ በልጣ እያለ፣ በኤሌክቶራል ድምፅ አሸነፈ። ፔሮን ዜሮ ያስቀረው ሕግ ትራምፕን ቤተ መንግሥት አስገባው።

መልስ 22 የሜሪላንዷ ሂሳብ ሠራተኛ ናት፣ ተመልሳ መጣች፣ በዚህ ጊዜ ፈገግታ የለም። የኔ መለኪያ ግማሽ ነው አለችኝ። ነገር አልሆን ሲለው ጥሎ የሚሄደውን ብቻ ይመዝናል። በ2020 ተሸንፎ አልሄድም ያለው፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ደጋፊዎቹ የኮንግረሱን ሕንፃ ካፒቶልን የወረሩለት ሰውስ በየትኛው ሚዛን ይለካ? ጥሎ ባለመሄዱ ልናመሰግነው ነው?

መልስ 23 ላይ እንዲህ መለስኩላት። ሁለቱ ለኔ ከአንድ ቦታ ነው የሚመጡት። የኩባንያ ባለቤት ሲሸነፍ ያለው ልምድ ሁለት ነው፤ ወይ ሸጦ ይወጣል፣ ወይ ጠበቃ ቀጥሮ ሽንፈቱን አልቀበልም ይላል። የተሸነፈበት ምክር ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ያሸነፈውን ሰው ሰላም ብሎ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ድምፅ መቁጠርን ማንም አላስለመደውም። ከንቲባ ሆኖ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስለዚህ የነጋዴውን የሀብት መዝገብ ከሚያሳዩኝ፣ አብረውት ሠርተው የተጣሉትን ሁለት ሦስት ሰዎች ቢያቀርቡልኝ ይሻለኛል። ያንን ጄኔራል ሞተርስ ራሱ ነግሮን ነበር፣ እኛ ቻርቱን እያየን አለፍነው። አዎ፣ ያንን አውቄም ብሆን እመርጠው ነበር። ከሦስቱ ስለ ዕዳው የነገረኝ እሱ ብቻ ነበርና።

መልስ 24 ከቨርጂኒያ ነው። እንደ ናሙና ግሌን ያንግኪንን አቀረበ። የካርላይል ግሩፕ የተባለ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ኃላፊ የነበረ፣ ሥልጣን ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ነጋዴ በ2021 ገዥነቱን በሁለት በመቶ ገደማ ልዩነት አሸነፈ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት በባይደን አስተዳደር የተቆጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን እሱን ደግፈው በየቤቱ ሲቀሰቅሱ እኔም አንዱ ነበርኩ ባይ ነው። ስለ ቨርጂኒያ ትምህርት ቤትና ስለ ታክሱ ምን እንዳሰበ ግን አንድ ቃል የለም። መልስ 25 ይህን አንስቶ፣ ገዥ ከውጭ ጉዳይ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ሳቀበት። መሳቁ ልክ አይመስለኝም፣ ስትቆጣ እጅህ ላይ ያለው ካርድ የቨርጂኒያ ከሆነ የምትጥለው እሱን ነው።

መልስ 26 እኛም አገር አንድ ትልቅ ባለሀብት ለፕሬዝዳንትነት ቢወዳደር ብሎ ተመኘ፣ ስምም ዘረዘረ፣ እኔ እዚህ አልጽፈውም። መልስ 27 ሕገ መንግሥቱን አስታወሰው። ኢትዮጵያ ውስጥ ፕሬዝዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው፤ ሥልጣኑ ያለው ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘንድ ነው፣ እሱንም የሚያስቀምጠው ፓርላማው ነው። ለሕዝብ ሄዶ ብቻውን ድምፅ መጠየቅ የሚችለው ለፓርላማ ወንበር ነው። እንዲያ ያደረገ ሰው ነጋዴ አልነበረም፤ ፕሬዝዳንት የነበሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ናቸው፣ በ2005 ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው ያሸነፉት። ይህ መልስ ብዙ ምስጋና አገኘ፣ ይገባዋል።

መልስ 28 አንድ አባት ናቸው፣ የወታደር ቤት ሰው ይመስሉኛል፣ ስለ አድሚራል ስቶክዴል ማንም አለማንሳቱ አሳዝኗቸው ነው የመጡት። የፔሮ ምክትል ሆኖ የቀረበው፣ በቬትናም ጦርነት ሃኖይ ውስጥ ከሰባት ዓመት በላይ ታስሮ ሲገረፍ የኖረ ጀግና ነው። የምክትሎቹ ክርክር ላይ ግን የመስሚያ መሣሪያውን እንኳ በቅጡ ሳይከፍት ተቀምጦ አገር ሳቀበት። እሳቸው የፈረዱት በፔሮ ላይ ነው። ሽማግሌን ያለ ዝግጅት አደባባይ ላይ ማውጣት ነውር ነው፣ ጦር ሜዳ የማያውቁት ሁለት ጎረምሶች መሃል አስቀምጦ ማስቀለድ። እጅ ነሥቼ አልፌያለሁ። አንደኛው ጎረምሳ አል ጎር ቬትናም እንደነበረ አላረምኳቸውም፣ ሌላ ሰው መልስ 29 ላይ አረማቸው፣ ትንሽ ጠንከር አድርጎ።

መልስ 30 እዚሁ ቴክሳስ የጋርላንድ ወጣት ነው፣ በቅርቡ ዜግነት አግኝቷል። ጭቅጭቁን ሁሉ አንብቦ የቀረው የአሠራር ጥያቄ ነው። ቴክሳስ ውስጥ የፓርቲ አባል ሆኖ መመዝገብ ግዴታ ነው ወይ? ፓርቲ የሌለው ሰው ቢነሳ ፊርማ መስጠት ይችላል ወይ?

መልስ 31፣ የመጨረሻው፣ የኔ ነው። ቴክሳስ በፓርቲ አያስመዘግብም። በመራጭነት ግን ከምርጫው 30 ቀን በፊት መመዝገብ አለብህ፣ ፎርሙን ሞልተህ በፖስታ ላክ፣ ኦንላይን ያልቃል ብለህ እንዳትዘናጋ። በማርች የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ከሁለቱ ፓርቲ የፈለግከው ዘንድ ገብተህ ትመርጣለህ። ፊርማውን በተመለከተ ግን ተጠንቀቅ። በዚያ ዓመት በአንዱ ፓርቲ የመጀመሪያ ዙር ከመረጥክ፣ ለግል ፕሬዝዳንታዊ ዕጩ የምትሰጠው ፊርማ አይቆጠርም። የሚፈለገው ፊርማ ባለፈው የፕሬዝዳንት ምርጫ ቴክሳስ ውስጥ ከተሰጠው ድምፅ 1 በመቶ ነው። ለፔሮ ጊዜ 54 ሺህ ገደማ ነበር፣ አሁን ከ110 ሺህ ይበልጣል። የምትፈርምለት ሰው እንዳለ ካሰብክ ማርች ላይ ቤትህ ቁጭ በል።